የቶክታር ንጹሕ መስክ

ቶክታር ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ሲወጣ፣ በመንደሩ ስለ ወፍ የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ መሆኑን ወሰነ። የተከራከረው ስላልነበረ ውሳኔው ጸና። በሚያዝያ ወር ዘጠኝ ጥንድ ታርጋኮች ከመንደሩ ጀርባ ካለው መስክ ላይ ሲያርፉ ደግሞ ጭራሽ ልቡ አበጠ። ታርጋክ ጥቁር ቆብና ነጭ ቅንድብ ያላት፣ የብርዱን ወራት ሱዳን አሳልፋ የምትመለስ፣ ከዓለም ላይ እየጠፋች ያለች ወፍ ናት።

ነገሩ ግን የኩራት ብቻ አልነበረም። አንድ ባለሀብት መስኩን ለስንዴ ሊያርሰው ጠይቋል። የታርጋክ ጎጆ መኖሩ በመዝገብ ከሰፈረ ትራክተር አይገባበትም፤ ካልሰፈረ የመንደሩ ከብት የሚግጥበት መሬት አይኖረውም። የቶክታር የቀድሞ ተማሪ፣ ዛሬ የወፍ ተመራማሪ የሆነችው ራውሻን፣ በግንቦት አጋማሽ መጥታ እንደምታይ ጻፈችለት።

እንግዳ ሲመጣ ቤት ይጠረጋል። ቶክታር ከአባቱም ከአያቱም የተማረው ይህንኑ ነው። መስኩን ዞር ብሎ ቢያየው እርምጃ በእርምጃ እበት ነው። አፈረ። የመንደሩን ሰው ሰብስቦ ኩበቱን አስለቀመ፣ ከዚያ እረኛውን ቤይሰንን ጠራው።

«ከብቱን ወደ ወንዙ ማዶ አሻግርልኝ። ወፎቹ ትንሽ እፎይ ይበሉ።»

ቤይሰን ራሱን አከከ። «እፎይ አሰኙን ብለው አመለከቱ እንዴ፣ መምህር?»

የቶክታር ሚስት ኡልዣን ግን ሁለቱን ላሞቿን ከጋጣው ጀርባ አስራ ንቅንቅ አላደርግም አለች። ለማገዶ የከመረችውን ኩበትም እንዲሁ።

«የአንተ ወፍ ላም አለኝ በሰማይ ናት» አለችው። «የእኔዋ ምድር ላይ ናት፤ ትታለባለች።»

ቶክታር አኮረፈ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አላናገራትም። እንግዶቹ በሚመጡበት ዕለት የኩበቱን ክምር በሠርጓ ምንጣፍ ከፊት በኩል ጋረደው።

ራውሻን ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር መጣች። ሻይ ተጠጣ፣ ሥጋው ተበላ፣ የበጉ ራስ እንደ አገሩ ወግ ለእንግዶቹ ክብር ቀረበ። ቶክታር የትምህርት ቤት ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወደ መስኩ መራቸው። መስኩ አምሮበታል። ሣሩ ጉልበት ደርሷል፣ አበባ አውጥቷል። እሱም ስለ ታርጋክ ክብደትና ስለምትበርበት መንገድ ሃያ ደቂቃ አስተማራቸው። ወፍ የሚባል ግን የለም።

«ያቻት» አለ በመጨረሻ። «ቆቧን አያችሁ?»

ራውሻን በአቅራቢ መነጽሯ አየች። «የዘይት ጠርሙስ ክዳን ነው፣ መምህር።»

መንደሩ ሳይለቅመው የቀረ ብቸኛ ነገር መሆኑ ነው።

«ከብቱስ የታለ?» አለች ራውሻን ዙሪያዋን እያየች።

«አስወጣሁት» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ኩበቱንም አስለቀምኩት። እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ።»

ራውሻን መነጽሯን አወረደች። «መምህር፣ ታርጋክ የምትወደው ከብት ግጦ ያሳጠረውን ሣር ነው። በረጅም ሣር ውስጥ ቀበሮ ሲመጣ አይታያትም። እንቁላሏንም እበት አጠገብ ትጥላለች፤ ቀለሙ ይሸሽግላታል።»

እኩላለሁ ብላ ዓይኗን ያጠፋችው እንኳ ከቶክታር ትሻላለች፤ እሷ ቢያንስ መንደር ሰብስባ አላስተባበረችም። ወፏ ሱዳን እስክትደርስ የምትበርበትን መንገድ በቃሉ ያውቃል፤ ለምን ደጁ ድረስ እንደምትመጣ ግን አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። መስኩ በገዛ እጁ አመለጠው። በተማሪው ፊት እንባው መጣበት።

አንገታቸውን ደፍተው ተመለሱ። ራውሻን እጇን ልትታጠብ ወደ ጋጣው ጀርባ ስታመራ ኡልዣን ክንዷን ያዘቻት።

«በዚያ አትሂጂ፣ ትደነግጣለች።»

«ማን?»

«ባለቆቧ ናታ። ከኩበቱ ሥር አራት እንቁላል ታቅፋለች።»

ቶክታር ከሦስት ሳምንት በኋላ ሚስቱን አናገራት። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን አናገረኝና?» አለች ኡልዣን። «ደግሞ ብነግርህ እሷንም ትጠርጋት ነበር።»

ራውሻን የምንጣፉን ጫፍ በቀስታ ገለጥ አድርጋ ረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ መዝገቧን አወጣች። «ጋጣው የመስኩ ዳር ነው፤ አንድ ጎጆ ለዘንድሮ ይበቃናል። መስኩ አይታረስም። ለከርሞ ግን እዚያው መስኩ ላይ ላገኛቸው ይገባል።»

«ያገኘው ሰው ስም» ከሚለው መስመር ስትደርስ ቶክታር ጉሮሮውን ጠረገ።

ራውሻን ቀና አለች። «እትዬ ኡልዣን፣ የአባትዎን ስም ይንገሩኝ?»

በማግስቱ ጠዋት ቤይሰን ከብቱን ከወንዙ ማዶ እየነዳ ሲመለስ፣ ቶክታር እጅጌውን ሰብስቦ ከጋሪ ላይ ኩበት እያነሳ መስኩ ላይ ይበትናል። ኩበቱ የኡልዣን የብርድ ጊዜ ማገዶ ነበር። ከወፏ ራቅ ካለው ጫፍ እንዲያነሳ ፈቀደችለት፤ እንቁላሉ ሲፈለፈል ምንጣፏን አጥቦ ሊመልስ ቃል አስገብታው።

«ዛሬ ደግሞ ምን ተገኘ፣ መምህር?» አለ ቤይሰን።

«እንግዳ አለብኝ» አለ ቶክታር ቀና ሳይል። «ቤት እያሰናዳሁ ነው።»