ፆታ፦ ወንድ

ህብረት ደግፌ ስሟን አገኘችው። ችግሩ ያገኘችበት ቦታ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግቢ የተለጠፈውን የሴቶቹን የዶርም ዝርዝር ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሦስት ጊዜ ፈልጋ ካጣችው በኋላ ወደ ወንዶቹ ሰሌዳ ብትሻገር፣ ተራ ቁጥር መቶ አርባ ሁለት ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ህብረት ደግፌ፣ ፆታ ወንድ፣ ብሎክ አሥራ አራት።

ከጎኗ የቆመ ጎረምሳ ጣቷ ያረፈበትን አየና «እንኳን ደህና መጣህ፣ ወንድሜ» አላት። ጓደኞቹ ሳቁ። እሷ ቁጥሩን ደግማ አነበበችው።

ሌላ ልጅ ብትሆን ትንሽ ተናድዳ፣ ትንሽ ተንከራትታ ነገሩ ባለፈ ነበር። ህብረት ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ዓይኗ እስኪቀላ ያጠናችው ለአልጋ ብላ ነው። ሌሎች ሴቶች ባሉበት፣ በሩ ከውስጥ በሚቆለፍ ክፍል ውስጥ ላለ አንድ የብረት አልጋ። «ዶርም» የሚለውን ቃል ቢጠና፣ እቤቷ ሆና እንደ ጸሎት ስትደግመው ነው የከረመችው።

ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማረችው ዱቦ፣ አክስቷ ሰገነት ቤት ተቀምጣ ነው። የሰገነት ባል ለገሰ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበለው፣ በቤተ ክርስቲያን የፊት ወንበር የማይጠፋ ሰው ነው። ህብረት የምትተኛበት ጓዳ መቀርቀሪያ አልነበረውም። አንድ ቀን ሁሉም ከተኛ በኋላ በሩ ቀስ ብሎ ተገፋ፤ ለገሰ ነበር። ጮክ ብላ ስትስል ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ የበቆሎ ጆንያ እየጎተተች በሩ ላይ ታስደግፍ ጀመር። ጆንያው ስንት ጊዜ እንደተገፋ የሚያውቁት እሷና ጆንያው ብቻ ናቸው። ለማንም አልተናገረችም። «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። ይህን ያለው ሰው ሆዱ ውስጥ ምንም ያላሳደረ ሰው መሆን አለበት፤ ይነቅዛል እንጂ!

ስሟን ወንዶቹ ዘንድ ማን እንደወሰደው ለማወቅ ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ጥፋተኛው ከአጠገቧ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ይጠርጋል። አባቷ ነው።

ደግፌ በወላይትኛ ሲናገር የተጣላ የሚያስታርቅ አንደበት አለው። በወላይትኛ ፊትህ የቆመው ወንድም ሆነ ሴት «ኔኒ» ነው፤ አለቀ። አማርኛ ግን ገና ሰላም ሳትለው ሰውየው ወንድ ነው ሴት ብሎ ያፋጥጥሃል። ደግፌ ለዚህ ትዕግሥት የለውም፤ ሁሉንም «አንተ» ብሎ ይገላገላል። ነርሷንም አንተ፣ ዳኛዋንም አንተ። ይህም ሆኖ የመንግሥት ጉዳይ በአማርኛ ካልተነገረ አይጸናም ብሎ ያምናል። የዶርም ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላ የተባለ ጊዜ ህብረትን ወባ ጥሏት ስለነበር፣ ወረቀቷን ይዞ ቢጠና ወደ ይስሐቅ ኮምፒውተር ቤት የሄደው እሱ ነው። ይስሐቅ ወላይትኛ ተናጋሪ ነው፤ በወላይትኛ ቢነግረው ምን ነበረበት! «ልጄ ህብረት» አለ ደረቱን ነፍቶ፣ «ጎበዝ ነው። አልፏል።» ህብረትን አይቷት የማያውቀው ይስሐቅም «ወንድ» የሚለውን ነካ።

የዶርም ቢሮ ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰብለ ከደብረ ማርቆስ መጥታ ሶዶ አሥር ዓመት የሠራች ሴት ናት። ወረፋው ደርሷቸው ሲገቡ ደግፌ ቀደም አለ።

«አንተ፣ ልጄን አስተካክልልኝ» አላት፣ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዞ።

ሰብለ ከመዝገቧ ቀና አለች። «አባባ፣ እኔ ሴት ነኝ።»

«ይቅርታ፣ ጌታዬ።»

ወረፋው በሳቅ ፈረሰ። ህብረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስታዋ ነበር።

«ሴት መሆኗን እኔ አያለሁ፣ ሲስተሙ ግን አያይም» አለች ሰብለ፣ ሳትቆጣ። «የሴቶቹ አልጋ ትናንት ሞልቷል። ማስተካከያው በሪጅስትራር በኩል ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ዶርም ያልያዘ ወይም ይህን ያልፈረመ ደግሞ ምዝገባው ይሰረዛል።»

ወረቀት ገፋችላት። «ከግቢ ውጭ ለመኖር የመረጠ ተማሪ ቅጽ» ይላል። የመረጠ! ይሄም ምርጫ ተብሎ።

«ፈርሜ አልጋ ቢገኝስ?»

«የፈረመ በዚህ ዓመት ዶርም መጠየቅ አይችልም።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ሊል ነው። ህብረት ገና ስታስብ የአባቷ ፊት ፈካ። በወላይትኛ አጣደፋት፦ ሰገነት ቤት እያለ ምን ያስጨንቃል? ከዱቦ ሶዶ ሚኒባስ ሞልቷል። እነሱ ቤት ምን ጎድሎባት ነበር? ወለላቸውን በጆንያ ስትፍቀው እንኳ ማን ተቆጣት? ሰገነት እኮ እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። ይህን እያለ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ነበር። ለገሰ ዛሬ ሶዶ ገበያ ወጥቷል አሉት፤ በሞተር መጥቶ ይወስዳታል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው፤ ያውም ደጋፊው የገዛ አባቷ።

«አንተ ፈርም፣ ልጄ» አላት በአማርኛ፣ ሰብለም እንድትሰማለት። «ለገሰ እየመጣ ነው።»

ህብረት እስክሪብቶውን አነሣች። ካልፈረመች ተማሪ አይደለችም፤ ከፈረመች የጆንያው በር ይጠብቃታል። ለቅጽበት «ብሎክ አሥራ አራት ገብቼ ብተኛስ?» ብላ አሰበች። የማታውቃቸው ሁለት መቶ ወንዶች ከአንዱ ከምታውቀው ሳይሻሉ አይቀሩም አለች በልቧ። እዚህ ማሰብ ላይ መድረሷ ራሱ አስለቀሳት። እንባዋ «የመረጠ» የሚለው ላይ ጠብ አለ።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሰብለ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ህብረት ነገሩን በወላይትኛ ልትናገረው አትችልም። ወላይትኛ እናቷ ያባበለቻት፣ ከእግዜር ጋር የምታወራበት ነው፤ እዚያ ውስጥ ለገሰን ማስገባት አልቻለችም። አማርኛ ግን የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ነው። የሌላ ሰው ታሪክ የምታነብ መስላ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች።

«እትዬ፣ እዚያ ቤት አልሄድም። ጓዳዬ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ለገሰ በሩን ይገፋ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ጆንያ እያስደገፍኩ ነው የተኛሁት።»

ሰብለ ሌላ አልጠየቀችም። ቅጹን ከፊቷ ሳበችው፤ መሳቢያዋን ከፍታ ቁልፍ አወጣች።

«እኛ ሴት ፕሮክተሮች፣ የዶርም ተቆጣጣሪዎቹ፣ የምናድርበት ክፍል አንድ አልጋ አለች፤ ሽቦዋ የረገበ ነው። ማስተካከያው እስኪመጣ በእኔ ኃላፊነት ትተኚባታለሽ፤ ዶርም እንደያዝሽ አድርጌ እመዘግብሻለሁ።»

«በሩ ይቆለፋል?»

«ከውስጥ።» ቁልፉን ግን አልለቀቀችውም። «አባትሽ ግን ዘመድ ቤት አለ ብለው በሰው ፊት ተናግረዋል። እሳቸው እሺ ካላሉ ዘመድ ያላትን ልጅ እኔ ጋ ማስተኛት አልችልም፤ ነገ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።»

ህብረት ዞር ስትል አባቷ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል። ኮፍያው በእጁ ውስጥ ተጨማድዷል። አማርኛው የገበያ አማርኛ ነው፤ ሹክሹክታዋን ሁሉ አልያዘውም። «ጆንያ» የሚለውን ግን ሠላሳ ዓመት በቆሎ ሲሸጥበት ኖሯል። «በር»ንም ያውቃል። «ለገሰ»ንም ያውቃል።

በወላይትኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ጆንያው ለዚህ ነበር?

ወለሉን አየች። ሰገነት የቤቷን የተፋቀ ወለል አንሥታ ባወራች ቁጥር ከሁሉ አብልጦ ይስቅ የነበረው እሱ ነው፤ ይህ ትዝ ሲለው ፊቱ እንዴት እንደሆነ ማየት አልፈለገችም።

ደጅ ላይ ሞተር ደርሶ ቆመ። ለጥበቃዎቹ አጎቷ ነኝ ብሎ አልፎ ኖሮ፣ ለገሰ ፈገግ እንዳለ በሩን ሞልቶ ገባ። «ህብረትዬ! እንኳን ደስ ያለሽ! ሻንጣሽ የታለ?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ህብረት ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ጀርባዋ ከጠረጴዛው ጋር ተጋጨ። መሸሺያ አልነበራትም።

ሻንጣው ላይ ቀድሞ ያረፈው የደግፌ እጅ ነው።

ደግፌና ለገሰ ሃያ ዓመት ሙሉ ሲጫወቱም ሲጸልዩም በወላይትኛ ነበር። አሁን ግን ደግፌ በአማርኛ ተናገረ፤ ጉዳዩ መጽናት ያለበት ጉዳይ ነዋ።

«አንተ ውጣ» አለው።

ለገሰ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ዳዳው። ከዚያ የደግፌን ዓይን አየና እጁን ሰበሰበ። ሰብለ ከወንበሯ ተነሥታ በሩን ያዘችለት፤ ወጣ።

ደግፌ ወደ ልጁ ዞረ። ቃሉን አፉ ውስጥ ሲፈልገው፣ አንዱን ሲያነሣና ሲጥል ህብረት ታየዋለች።

«አንቺ» አላት፣ «አንቺ እዚህ ተቀመጪ።»