ሁለቱም ቤት የሚጠራው ስም

ልጅቷ ከተወለደች ወር ሊሞላት ነው፤ ስም የላትም። የጎሚስታው እናት «የኔ ቆንጆ» ትላታለች፣ ሚስቱ «እሷ» ትላታለች፣ ጎሚስታው ግን ምንም አይላትም። ሲሰጡት ይቀበላል፣ ሲጠይቁት ይመልሳል። አያያዙን ላየው የደንበኛ አደራ ዕቃ ያቀፈ ነው የሚመስለው፤ አጥብቆ፣ ተጠንቅቆ፣ የሌላ ሰው መሆኑን ሳይረሳ።

ስም ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ስምማ ሞልቶ ተርፏል። ችግሩ ወዲህ ነው፤ ጎሚስታው ከአንድ ወገን፣ ሚስቱ ከሌላ ወገን፣ ቋንቋቸውም ለየቅል። በእሱ ቤት ያማረው ስም እሷ ቤት ሲደርስ አፍ ውስጥ ይሰባበራል። በእሷ ቤት የተከበረው ስም ደግሞ እናቱን ያስላታል፤ ሳላጋንን፣ አንዱን ልትጠራ ሞክራ ውሃ አምጡልኝ ብላለች። ከመጀመሪያዋ ልጅ በፊት ባልና ሚስት ሲያወጡ ሲያወርዱ፣ ሲጣሉ ሲታረቁ ከርመው በመጨረሻ አንድ ስም አገኙ። አጭር ነው፣ ለምላስ አይከብድም፣ በሁለቱም ቋንቋ የሚያሳፍር ትርጉም የለውም። ስሙ ሲነገራቸው እናቱም አማቱም እኩል ፈገግ አሉ። ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ ያ የመጀመሪያቸው ነበር።

ያ አንድ ስም ብቻ ነበር፤ እሱንም ጨረሱት። ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ በአሥራ አንድ ወሯ ሞተች። መጀመሪያ ሳል ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሳንባ ነው ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም።

ጎሚስታው አላለቀሰም። ሳምንት ሳይሞላ ሥራ ገባ። ሰው «አይ ጥንካሬ» አለ፤ ሰው እንደሆነ ሳይፈርድ አያድርም። ጥንካሬ አይደለም፣ ደንዝዞ ነው። ምግብ ሲቀርብለት ይበላል፤ ምን እንደበላ ብትጠይቁት ግን አያውቀውም። የልጅቷ ስም ከተነሳ ብድግ ብሎ ይወጣል፤ አይቆጣም፣ በሩን አያላትምም፣ ዝም ብሎ ይወጣል። ሚስቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ለባዶ ወንበር ስታወራ ራሷን አገኘችና ተወችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያ ስም በዚያ ቤት ውስጥ አልተጠራም።

አሁን ነገሩ የመጣው ከሚስቱ ነው። ሚስቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ጣጣ ስትሰማ ስለምትውል የራሷን ነገር ስትናገር አታንዛዛም። አንድ ማለዳ ሕፃኗን እያጠባች፣

«የእህቷን ስም እንስጣት» አለችው።

በእሷ ወገን ያለ ነገር ነው። የሞተ ልጅ ስም አይቀበርም፤ ለቀጣዩ ይሰጣል፣ ቤት ውስጥ ይቆያል። በእሱ ቤት ደግሞ ማሰቡ ራሱ ነውር ነው።

«እንደፈለግሽ» አላትና ጫማውን ማሰር ቀጠለ።

እናቱ ከጓዳ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ የሚታጠበውን ሁሉ ትታ መጣች። «ምን አላችሁ? የሞተች ልጅ ስም? ይቺንም ከእሷ ጎን ልታጋድሟት ነው? አንተስ እንደፈለግሽ ትላለህ እንዴ፤ ምላስ የለህም?»

«እማዬ፣ ሥራ ረፍዶብኛል» አለና ወጣ።

ቤቱ እንግዲህ ለሁለት ተከፈለ። ምራትና አማት በአንድ ክፍል እየዋሉ፣ የሕፃኗን ጨርቅ አብረው እያጠቡና እያሰጡ፣ በሌላው ነገር ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ ተባባሉ። ጎሚስታው መሀል ላይ ነው። እናቱ ስትናገር «እሺ» ይላል፣ ሚስቱ ስትናገር «እሺ» ይላል። ለሁለት ሰው እሺ ያለ ሰው ደግሞ ለማንም አልተናገረም፤ እሱ ግን ይኼም አልታየውም።

ሥራ ቦታው ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለች ቆርቆሮ ቤት ናት። ደጃፏ ላይ ያለቀላቸው ጎማዎች ተደርድረዋል፣ ውስጥ ኮምፕረሰሩ ይጮኻል፣ ጥጉ ላይ የጎማ ቀዳዳ የሚፈለግበት ውሃ የሞላ ግማሽ በርሜል አለ። አብሮት የሚሠራውን ሰውዬ «ሬዲዮ» ይሉታል፤ ለምን እንደሆነ አብሮት አምስት ደቂቃ የቆመ ይገባዋል።

«ስሙን እኔን አማክረኝ» ይለዋል ሬዲዮ፣ ቸርኬውን በመዶሻ እየቀጠቀጠ። «የአምስት ልጆቼን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንዳቸውም ስማቸውን አልወደዱትም፣ ግን ሲጠሩ ይመጣሉ። ከዚህ በላይ ከስም ምን ትጠብቃለህ?»

ጎሚስታው ለጨዋታ ያህል እንኳ አልሳቀም።

በዚያው ቀን ከሰዓት አንዲት ሴትዮ ጎማዋን ሚስማር ወግቶባት መጣች። ጨዋታ የምትወድ፣ ሲሠሩላት ዝም ብሎ መቆም የማይሆንላት ዓይነት ናት። ክሪኩን ከመኪናው ሥር ሲያስገባ የሷ ልጆች ጎማ ላይ እየዘለሉ እንዴት እንደሚያስቸግሯት አወራችለትና፣

«አንተስ ወልደሃል?» አለችው።

«አዎ፣ አንድ አለችኝ» አለ።

እጁ ሥራውን አላቋረጠም። ሚስማሩን ነቀለ፣ ቀዳዳውን ደፈነ፣ ጎማውን በርሜሉ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንዳይወጣው ተመለከተ። አንድ። ማን አስገደደው? ሁለት ቢል ማን ይከለክለው ነበር? ሴትዮዋ ከኋላው «ማን ትባላለች?» ስትለው ውሃውን እያየ ቀረ። የሚያውቀው አንድ ስም ነው፤ የመጀመሪያዋ ልጁ ነው። ለይቺኛዋ ከተሰጠ ያቺኛዋ ምን ልትባል ነው? «የበፊቷ»? «የሞተችው»? አንድ አለችኝ ባለበት አፉ ልጁን ከቤት አስወጥቷታል፤ ስሟን ደግሞ ሲወስዱባት እሱ ጫማውን እያሰረ እንደፈለግሽ ብሏል።

ጎማውን መልሶ ገጠመ፣ ክሪኩን አወረደ፣ በእጁ ሂጂ አላት። መኪናዋ መንገድ ልትገባ ስትል ሬዲዮ እየጮኸ ሮጦ ጣሪያዋን ደበደበው። ቡሎኖቹ በጣት ብቻ ነበር የተያዙት፤ አንዳቸውም በመፍቻ አልጠበቁም። ሬዲዮ ራሱ ተንበርክኮ አጠበቀ፣ ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ ሸኘ፣ ተመልሶም አጠገቡ ቆመ። ያ ሁሉ ወሬ የት እንደገባ እንጃ። «ወደ ቤትህ ሂድ» አለው፣ ቀስ ብሎ።

እሑድ አማቱ፣ የሚስቱ አባት፣ መጡ። ነገሩን ሊቋጩ ነው የመጡት። ጡረታ የወጡ የረጅም መንገድ ሹፌር ናቸው፤ ባልሄዱበት አገር ስለሌለ የማይናገሩት ቋንቋ የለም፣ ግን በየትኛውም ቋንቋ አጭር ነው የሚናገሩት። ክፍሉ ውስጥ የተሰጣ የሕፃን ጨርቅ ስለነበር ጎንበስ ብለው ገብተው ወንበር ያዙ። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ሕፃኗን ታቅፋለች። ሚስቱ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ጎሚስታው በሩ አጠገብ፣ እንደ ልማዱ።

«እኔ የወንድሜን ስም ነው የያዝኩት» አሉ አማቱ። «ከእኔ በፊት ተወልዶ ሞተ፣ ስሙን ለእኔ ሰጡኝ። ይኸው ሰባ ዓመት ኖሬበታለሁ። ስም ሰው አይገድልም።»

«እርስዎን አልገደለ ይሆናል» አለች እናቱ። «በልጅ ልጄ ግን አልሞክረውም።»

«የእኔም የልጅ ልጅ ናት።»

«አይደለችም አልወጣኝም።»

እንዲህ ሲመላለሱ ቆዩ፤ በትህትና፣ አንቱ እየተባባሉ፣ አንዳቸውም ሳይለቁ። ሚስቱ ባሏን ነው የምታየው። ጎሚስታው ሳይታሰብ አፉን ከፈተ።

«አባባ፣ ወንድምዎ ምን ዓይነት ልጅ ነበር?»

«የቱ ወንድሜ?»

«ስሙን የያዙት።»

ሽማግሌው ከወንበሩ ላይ ትንሽ ተመቻቹ። «እሱን እንኳ አላውቅም» አሉ።

«በስንት ዓመቱ ነው የሞተው?»

«አላውቅም።»

«እናትዎ አልነገሩዎትም?»

«ምን ብላ ትነግረኛለች?» አሉ። የተናገሩትን ራሳቸው ገና የሰሙት ይመስላሉ። «ስሙን ስትጠራ እኔ ነኛ አቤት የምላት። ስለሱ ለማውራት ሌላ ስም ያስፈልጋት ነበር፤ እሱ ደግሞ ሌላ ስም አልነበረውም።» መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «ሰባ ዓመት ሙሉ ስለሱ የጠየቀኝ የለም። እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም።»

እናቱ ሕፃኗን ወደ ደረቷ ጠጋ አደረገቻት እንጂ ረታሁ አላለችም። 

«የእኔዋ አራት ጥርስ ነበራት» አለ ጎሚስታው። ድምፁ ዝርግ ነው፤ የመኪና ጉድለት የሚቆጥር ነው የሚመስለው። «ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች። ከሥራ ስገባ እጄን ይዛ ታሸት ነበር። በሳሙና ታጥቤ ከመጣሁ ታለቅሳለች፣ የጎማውን ሽታ ነበር የምትፈልገው። ይኼን ያደረገችው ይቺ አይደለችም፣ ያቺ ናት። ስሟን ለይቺ ከሰጠናት ግን ማን አደረገችው ብለን እናወራለን?»

አማቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሌላ ስም አውጡላት» አሉ። «አፌን ቢያስቸግረኝም እለምደዋለሁ።»

ነገሩ ያለቀ መሰለ። አላለቀም፤ ምክንያቱም ሚስቱን የጠየቃት አልነበረም።

«ጨረሳችሁ?» አለች ከመስኮቱ። ወደ ባሏ ስትመጣ ፊቷ ላይ ቁጣ ነበር፤ ለሁለት ዓመት የታመቀ ንጹሕ ቁጣ። «አሁን ነው ያወራኸው? ጥርሷን የቆጠርኩት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ነበር እኮ። ስሟን ባነሳሁ ቁጥር ተነስተህ ትወጣለህ። እናትህ ፊት አልጠራት፣ አንተ ፊት አልጠራት፤ ሰው ቤት ሄጄ፣ የማላውቃትን ሴት ፀጉር እየሠራሁ ነው በልቤ የምጠራት። እኔ ይቺ ልጅ ያቺ ናት ብዬ መሰለህ? አላበድኩም። ያ ስም እዚህ ቤት ውስጥ ሲጠራ እንድሰማው ነው የፈለግኩት። ሌላ መንገድ አጣሁ። በቁም ነገር ነው የምልህ፣ አጣሁ።»

«እኔ...» አለ።

«አንተ ጥራት። ብትጠራት ለይቺ ሌላ ስም እፈልግላታለሁ፤ አሥር ስም እፈልግላታለሁ። ካልጠራሃት ግን ስሙን ለይቺ እሰጣታለሁ፤ ቢያንስ የሚጠራው ይኖራል።»

ጎሚስታው፣ እግሩ መንገዱን ስለሚያውቅ ወደ በሩ ዞረ፣ እጁም መወርወሪያውን ያዘ። እናቱ «ልጄ» አለችው። ብረቱን እንደያዘ ቆየ። መውጣት ይችላል፣ ማንም አይከለክለውም፣ ወጥቶም እንደ ሁልጊዜው ምንም አይሰማውም። ያ ምንም አለመሰማት ሁለት ዓመት አኑሮታል። ሲያስበው ፈራ፤ ፍርሃቱ ከብዙ ጊዜ በኋላ በትክክል የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ነበር።

ተመልሶ ሕፃኗን ከእናቱ እጅ ወሰዳት። አላየችውም፣ ወደ መብራቱ ነው የምታየው።

«ስሚ» አላት። ከተወለደች ጀምሮ ያናገራት ይኼ የመጀመሪያው ነው። «ታላቅ እህት አለችሽ።» ፊቷን ከመብራቱ ወደ ራሱ አዞረው። «እህትሽ...» አለና ስሟን ጠራ።

አለቀሰ ብላችሁ እንዳትጠብቁ፣ አላለቀሰም። አመመው ብቻ። ደረቱን፣ መንጋጋውን፣ ሕፃኗን የያዘበትን ክንዱን ሳይቀር አመመው፤ እንዲህ እንደሚያም ማንም አልነገረውም ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ደርሳ እጅጌውን ይዛ ቆማለች።

«ድገመው» አለችው።

ደገመው።

ሦስተኛውን አብራው ጠራችው፤ ልጅ ከውጭ ወደ ቤት እንደሚጠራ፣ ከፍ አድርገው። አቤት የሚል የለም። ልጃቸው መሞቷን ሁለቱም ያመኑት ያን ጊዜ ነው።