ሰባቱ የተነቀሉ አምፖሎች

ጋሽ ጆሮ ይህ ስም የወጣለት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ጆሮዎቹ ትንንሽና ከጭንቅላቱ ጋር የተለጠፉ ናቸው። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ ጎማ ለመፍታት ቁጢጥ ባለበት አንድ መኪና ወደ ጋራዡ ሲገባ ቀና እንኳ ሳይል «ሦስተኛው ካንዴላ አልቆለታል፤ ወዲያ ጥግ አቁመው» አለ። ኮፈኑ ሲከፈት እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ በእናት አባቱ ስም የጠራው ሰው የለም።

አሠራሩም የታወቀ ነበር። ረጅሙን ካቻቢቴ ያነሳና ጫፉን ከሚሠራው ሞተር ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው በስተጀርባ ካለው አጥንት ላይ ያሳርፋል። ዓይኑን ይጨፍናል። ያን ጊዜ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ አይነሳም፣ ወሬ አይወራም። ዓይኑን ሲገልጥ ሕመሙ ታውቋል።

ኩራት መቼም ሥራ አያጣም። ለፋብሪካ ሠራተኞች ማመላለሻ የሚያገለግሉ ሰባት ሚኒባሶች ነበሩ፤ ጋራዡን ቀጥ አድርገው የያዙትም እነሱ ናቸው። ባለቤታቸው ችኩል ሰው ስለሆነ ሾፌሮቹ ከኋላው «ቶሎቶሎ» ይሉታል። ሚኒባሶቹ ሞተር ውስጥ ዘይት ሲያንስ ወይም መዘዋወር ሲያቅተው ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ያበራሉ። ሾፌሮቹ መብራቷ ብልጭ ባለች ቁጥር መንገድ መሐል እየቆሙ ሰው ከሥራ ሲያስረፍዱ፣ ቶሎቶሎ ቆሽቱ አረረ። ጋሽ ጆሮም አንድ ጠዋት ካቻቢቴውን ይዞ የሰባቱንም አምፖል ነቀለ። «መብራት ይዋሻል፤ ጆሮ አይዋሽም። ነገር ካለ እኔ እሰማዋለሁ» አለ። አምፖሎቹን የማርማላታ ቆርቆሮ ውስጥ ጨምሮ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮውን ሲያንቋቋ ያየው ሁሉ ይስቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት ቆርቆሮውን አንቋቋውና ድምፁ ጠፋበት።

በአንድ ቀን የመጣ ነገር አይደለም። መጀመሪያ የቺንጋው ፉጨት ሄደ፣ ቀጥሎ ስልኩ፣ ቀጥሎ የሴት ልጁ ድምፅ። ሐኪሙ ወረቀት ላይ ጻፈለት፦ አርባ ዓመት ሞተር ሥር የኖረ ጆሮ ነው፣ አይመለስም፣ ማዳመጫ ቢያደርጉ ትንሽ ይረዳዎታል። ጋሽ ጆሮ ወረቀቱን አጥፎ የአሮጌ እቃ ሳጥን ሥር ቀበረው። ጆሮው ላይ ማዳመጫ የሰካ ጋሽ ጆሮ! ከዚያ ጀምሮ ሞተርን በመዳፉ እየዳሰሰ፣ ሰውን ከንፈሩን እያየ መኖር ጀመረ። ያልገባውን ሁሉ «እሺ» ይላል። «እሺ» ብዙ ነገር ይሸፍናል። አምፖሎቹን መልሶ መሰካት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ግን ለምን መለስካቸው ቢሉትስ? ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮውን ያየዋል፣ ዓይኑን ሰብሮ ያልፋል።

ልጁ ደግሞ በዚሁ ጊዜ የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ተምራ መጣችና ከጋራዡ አጥር ማዶ ያለውን ባዶ ቤት ተከራየች። እናቷ ካለፈች ወዲህ አባትና ልጅ ብቻ ናቸው፤ ምሳም አብረው ነው የሚበሉት። ምሳው ግን ክርክር ነበር። እሷ ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች፣ ቃላቱን እያፍታታች ታወራለች። ከሥልጠናው ያመጣችው ጨዋነት ይመስለው ነበር።

«አባዬ፣ ያንተዋ መኪና ከምትጠጣው ቤንዚን ለጎማ የምትሰጠው ሩቡን ቢሆን ነው። ሌላው ሙቀትና ጭስ ሆኖ ይቀራል። የኔዋ ከአሥር ስምንቱን ትሰጣለች።»

«ሰውስ ከሚበላው ስንቱ ሥራ ይሆናል? አሁን አንቺ ይሄን ሁሉ በልተሽ ምን ሠራሽ?»

«አትቀልድ። ቁልቁለት ስትወርድ እኮ ባትሪዋን መልሳ ትሞላለች። ያንተዋ ፍሬን ከማቃጠል ሌላ ምን ታውቃለች?»

«መብራት ሲጠፋስ? ቤንዚን በጀሪካን ተሸክመሽ ትሮጫለሽ። መብራትን በምን ልትቀጂው ነው? ባትሪው ያረጀ ዕለትስ? የመኪናዋን ግማሽ ዋጋ አምጪ ትልሻለች።»

እዚህ ላይ ልጅቱ «እሱስ እውነትህን ነው» ትላለች። እሱ ግን ሲያሸንፍ ማቆም አያውቅም።

«ደሞ ድምፅ የላትም። ኮቴውን አጥፍቶ የሚመጣ ነገር መቼም ደግ አይደለም። ሲያማት በምን ትነግርሻለች?»

«ስክሪኑ ላይ ትጽፍልኛለች።»

«መብራት ይዋሻል!»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትልና ሳህኑን ታነሳለች።

ሰው ላጣው ነገር ያህል ሽንጡን ገትሮ የሚሟገትለት ነገር የለም። ጋሽ ጆሮ የሞተርን ድምፅ በሰማ ጊዜ እንዲህ አወድሶት አያውቅም።

አንድ ቀን ቶሎቶሎ ይህን ክርክር ቆሞ አዳመጠ። ሰባቱን ሚኒባስ ሸጦ በኤሌክትሪክ ሊተካ አስቦ ኖሯል። «ወሬውን ተዉትና በሥራ አሳዩኝ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ዳገት፣ አንድ ዓይነት ጭነት። የሷ ካሸነፈች እገዛለሁ፤ ያንተ ካሸነፈች ያሉኝ ይቀጥላሉ» አለ። ጋሽ ጆሮ ይህን ከከንፈሩ አነበበ። ሚኒባሶቹ ከሄዱ ጋራዡ ይዘጋል። ጋራዡ ከተዘጋ ደግሞ እሱ አንድ ጥግ የተቀመጠ የማይሰማ ሽማግሌ ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

አራተኛዋን ሚኒባስ መረጠ። ሞተሯን አውርዶ ኩሽኔታዎቿን ቀየረ፣ የታችኛውን የዘይት መያዣ በሲሊኮን አሽጎ መልሶ ገጠመ። እጁ አይታማም፤ አራት ቀን ሙሉ እንደ ሙሽራ አሰማመራት። በመጨረሻ አስነሳና ካቻቢቴውን አጥንቱ ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። ጋራዡ እንደ ድሮው ጸጥ አለለት። ምንም አልሰማም። ዓይኑን ገለጠና «ማር ናት» አለ።

ቅዳሜ መጀመሪያ የወጣችው ልጅቱ ከአንድ ደንበኛዋ የተዋሰቻት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ናት። አሥራ ሁለት ሠራተኛ ጭና ዳገቱን ወጣች፣ ወርዳም ተመለሰች። ቶሎቶሎ የቀረውን ቻርጅ አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። «ቆንጆ ናት። ግን ስትሞላ ሁለት ሰዓት ትገተራለች፣ እኔ ደግሞ መጠበቅ አልወድም» አለ። የጋሽ ጆሮ ልብ ትንሽ ሞቅ አለች።

ሰዎቹ ወደ አራተኛዋ ተዛወሩ። ቶሎቶሎና የሚኒባሷ ሾፌር ከኋላ፣ ልጅቱ ለምስክርነት ከፊት ከአባቷ ጎን ተቀመጡ። ጋሽ ጆሮ ራሱ መሪውን ያዘ። ዳገቱ ሲጀምር በሁለተኛ ማርሽ ቆንጥጦ ነዳት። ወጣች። ኃይሏ አልጎደለም።

«ስሚያት እስቲ!» አለ እየጮኸ። ጮኾ እንደሚያወራ አያውቅም ነበር። «ይቺ ናት ሞተር ማለት! እንደዚህ መዝፈን ያንቺዋ አታውቅም!»

ልጁን ዞር ብሎ አያት። ፊቷ አመድ መስሏል። በሁለት እጇ የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣለች።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ሾፌሩ ጫማውን ያያል። መስኮት ሥር ያለች አንዲት የፋብሪካው ልብስ ሰፊ ዓይኖቿን ወለሉ ላይ ተክላለች። ሁሉም ወደ ታች፣ አንድ ቦታ ያያሉ፤ ከወለሉ ሥር የሆነ ነገር እየጠራቸው ነበር።

ጋሽ ጆሮ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ። መዳፉን ከማርሹ ዘንግ ላይ አሳረፈ። መጣለት፦ ዷ፣ ዷ፣ ዷ፤ ብረት ብረትን ሲመታ፣ በክንዱ እስከ ትከሻው ወጣ። ዓይኑ ሳያስበው ዳሽቦርዱ ላይ ሄዶ ቀይዋን መብራት ፈለገ። አምፖሏ የነበረችበት ቦታ ጥቁር ቀዳዳ ነው። ራሱ ነው የነቀላት።

ማቆም ነበረበት። ፍሬኑ እግሩ ሥር ነው፣ ማንም አልከለከለውም። ነገር ግን ጫፉ ይታያል፣ ሁለት መቶ ሜትር ቢቀር ነው። እዚህ ከቆመ ለምን ቆምክ ይሉታል፤ ሰማሁ ይበል ወይስ አልሰማሁም? «ትደርሳለች» አለ በልቡ፣ ነዳጁንም ረገጠ። ይህችን አንዲት እግር በኋላ ዕድሜ ልኩን ሲረግማት ኖሯል።

ሞተሩ ተጣብቆ ቆመ። ሚኒባሷ ተንገጫግጫ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ እሱም ፍሬኑን በሁለት እግሩ ረግጦ ያዛት። ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተላተመ። ሰዎቹ ሲወርዱ ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ነበር። አንጓዋ እያየው አበጠ።

ጋሽ ጆሮ ተንጋሎ ከሥር ገባ፣ የዘይት መያዣውን ፈታ። የገዛ ሲሊኮኑ ተቆራርጦ የዘይት መምጠጫውን ወንፊት ደፍኖታል፤ ሞተሩ ዘይት አጥቶ ነው የደረቀው። ሲሊኮን ማብዛት የጀማሪ ስህተት ነው። በደህና ጆሮው ቢሆን ገና ጋራዡ ውስጥ ነበር የሚሰማት፤ መብራቷ ብትኖር ደግሞ ማንም መንገደኛ ያያት ነበር።

ሲወጣ ቶሎቶሎ ልጅቱን አፋጥጧታል። ጋሽ ጆሮ ከንፈሮቻቸውን አየ።

«የወጣት ጆሮ ነው ያለሽ። እኔ እንኳ ያን ድምፅ ሰምቻለሁ። አልተንኳኳም? እውነቱን ንገሪኝ፣ ገበያውም ያንቺ ነው።»

«አልሰማሁም» አለች ልጁ። «ድንገት ነው የቆመው። በማንም ላይ ይደርሳል።»

ቶሎቶሎ ወደ ሾፌሩ ዞረ። ሾፌሩ ጋሽ ጆሮን በፍርሃት አየት አደረገና «እኔም አልሰማሁም» አለ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላውም ተከተለ። ልብስ ሰፊዋ ሳትቀር፣ ያበጠ እጇን ታቅፋ፣ «ምንም ድምፅ አልነበረም» አለች። ይህ ሁሉ ሰው ሙሉ ጆሮ ይዞ ደንቁሮ ቆመ።

ያኔ ገባው። ሾፌሮቹ ለምን ትከሻውን ነካ አድርገው እንደሚያናግሩት፣ ልጁ ለምን ምሳ ላይ ፊት ለፊቱ እንደምትቀመጥ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሲያሙት፣ ሲያዝኑለት፣ ሲሸፍኑለት የኖሩትን ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

«ተዋት ልጄን» አለ ለቶሎቶሎ። ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ሞከረ፣ ዝቅ ማለቱን ግን ማወቂያ አልነበረውም። «ስለኔ ብላ ነው የምትዋሽ። ሁሉም ሰምተዋል። እኔ ነኝ ያልሰማሁ። አንተ ኤሌክትሪክ ልግዛ አልግዛ ትላለህ፤ ለኔ እኮ መኪናው ሁሉ ኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው።»

አንድ ሰው ሊስቅ አፉን ከፈተና ተወው።

«የሷን ግዛ። ስትታመም ራሷ ትናገራለች፣ የማንንም ጆሮ አትለምንም። ስድስቱን ደግሞ አምፖላቸውን ሳልመልስ ማንም እንዳያስነሳቸው። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ነው።» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄደ። እጇን አይቶ ፊቷ ጎንበስ ብሎ ቆመ። እሷም የሆነ ነገር አለችው። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ስለነበር ከንፈሯን ማንበብ አልቻለም።

የኤሌክትሪኳን አምጥተው ልብስ ሰፊዋን ወደ ሐኪም ይዘው ወረዱ። ልጁ ትነዳለች፣ እሱ ከጎኗ ነው። በልማዱ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ አሳረፈ። ምንም አይንቀጠቀጥም። በጆሮው የሌለው፣ አሁን በእጁም የለም።

«ሞተሯ ተነስቷል እንዴ?» አለ።

ልጁ ልትመልስለት ፊቷን አዞረች፤ መንገዱ ግን ቁልቁለት ነበርና ወዲያው ወደ ፊት መለሰችው። ሆኖም መናገሯን አላቆመችም። ጉንጯ ሲንቀሳቀስ ያያል፣ እንባዋ አገጯ ላይ ሲደርስ ያያል። ብዙ ነገር እያለችው ነበር፣ ምናልባት ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችውን። እሱም ሁለት ዓመት እንደለመደው «እሺ» ሊላት አፉን ከፈተ።

«አልሰማሁሽም፣ ልጄ» አለ።