የማይጨበጠው ግራ እጅ

ካልቱን ልብስ ሰፊ ናት። ስምንት ወር ሆናት፤ ጠዋት ጠዋት የሁለቱም እጆቿ ጣቶች አብጠው አልታጠፍ ይላሉ። እሁድ የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሁሉም ግራ እጁን ጨብጦ «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» ሲል፣ የሷ መዳፍ ተዘርግቶ ይቀራል። ታክሲ የምታስቆም ነው የምትመስለው።

«ብርድ አይደለም» አላት ዶክተር ዓብዱልአዚዝ። «ደምሽ ውስጥ ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኞች አሉ። ጀርም ሲገባ ተከላካይ ሴሎችን ይጠራሉ። ያንቺዎቹ ማንም ሳይገባ ‹ጠላት ገባ› ይላሉ፤ የተጠራው ሁሉ መጥቶ የገዛ መገጣጠሚያሽን ያቃጥላል።»

«ዝም የሚያሰኛቸው የለም?»

«አዲስ አበባ ስፔሻሊስት አለ። ቶሎ ሂጂ፤ አጥንቱ ከተበላ እጅሽ አይመለስም።»

ለመሄድ የቀበሌ ይለፍ ያስፈልጋል። ሊቀመንበሩ ጓድ በቀለ ደግሞ የድሬ ሙቀት ካልበረደ ቢሮ አይገባም። አስር ሰዓት ላይ አገኘችው።

«እስቲ ጨብጪ» አላት።

በዚያ ሰዓት እጇ ይፈታል። እያመማት ጨበጠች።

«አቦ ካልቱን! ለአብዮቱ እንቢ ያለ እጅ ለይለፍ ሲሆን ይጨበጣል?»

«ወላሂ ጠዋት ነው የሚብሰው። ዶክተሩ ጽፎልኛል።»

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። «ማንም ሳይገባ ‹ጠላት ገባ› የሚለው ማነው?»

«ሳይቶካይን።»

«የየት ቀበሌ ነዋሪ ነው?»

«ደሜ ውስጥ ነው ያለው፣ ጓድ።»

በቀለ ተነፈሰ። «እሁድ ሕዝቡ ፊት እናየዋለን።»

እሁድ ሦስት ሰዓት ላይ መድረክ ወጣች። መፈክሩ ተባለ፤ ሦስት መቶ ቡጢ ተነሳ። በቀለ የካልቱንን ጣቶች ይዞ ለማጠፍ ሞከረ። ጮኸች። እጇ ምድጃ ላይ እንደቆየ ብረት ይፋጃል። ለቀቃትና ይለፉን አወጣ።

«ፈርሚ።»

እስክሪብቶው ከጣቶቿ መካከል ወደቀ። አሁንም ወደቀ።

«በጣቴ ላትም።»

«የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት አለሽ እኮ! መሃይምነትን አጥፍተናል ብለን ሪፖርት ልከናል። ከሰዓት ነይና ፈርሚ።»

«ከሰዓት እጄ ይታጠፋል። አልታመምሽም ትለኛለህ።»

በቀለ ላቡን ጠረገ። እሷን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ከዚያ የቀለሙን ሳጥን ቀስ አድርጎ ገፋላት።

«ጫኚ። ማንም አይይሽ።»

ያበጠውን አውራ ጣቷን ሦስት መቶ ሰው እያያት ጫነች። ይለፉን ጡቷ ስር ከተተችው።

ከኋላ የሽማግሌው የኹርሲ ድምፅ ተሰማ፤ «ጓድ ሊቀመንበር፣ እኛስ እጃችንን እናውርድ?»