ማዶ የተፈለገው አምበል

ሲንዲሌ ሚኒባሱን ወንዝ አሻግሮ የማቶሌ መንደር ሜዳ ዳር ሲያቆም፣ የመንደሩ ሴቶች እልል እያሉ ከበቡት። ግራ ገባው። የማቶሌ ሴቶች ከወንዙ ማዶ የሚመጣውን የንድሎቪኒ መንደር ቡድን በስድብ እንጂ በእልልታ ተቀብለው አያውቁም።

«ዳይሬክተራችን መጣ! ኑ ተቀበሉ!»

ከጋቢና የወረደው ሞንዋቢሲ ነበር፤ የንድሎቪኒ የሒሳብ አስተማሪ፣ የክሪኬት ቡድኑም አምበል። አሥራ አንድ ዓመት መርቷቸዋል። ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም።

«ራዴቤ፣» አለው ሲንዲሌ በጎሳው ስም፣ ጠጋ ብሎ፤ «ምንድን ነው የሚሉት?»

«ትምህርት ቤታቸውን እንድመራ ጠይቀውኛል። ደብዳቤው ኪሴ ነው። እስከ ማታ መልስ ይፈልጋሉ።»

«ቤትስ ይሰጡሃል?»

«ግቢው ውስጥ አለ።»

ከዚህ በላይ መጠየቅ አላስፈለገም። በዚያ አገር የገና ሰሞን ውድድር ሕጉ አንድ ነው፦ ሰው የሚጫወተው ለሚያድርበት መንደር ነው። ሞንዋቢሲ ከፈረመ በሚቀጥለው ገና ከማቶሌ ጋር ይሰለፋል። ይህ ሁሉ የተሰማው ደግሞ በፍጻሜው ቀን፣ ለአሸናፊው የሚሸለመው በሬ ከሜዳው ዳር ታስሮ ሣር እየነጨ ባለበት ሰዓት ነው።

«ደብዳቤውን ይዘህ ሜዳ ትመጣለህ?» አለ ሲንዲሌ። «ሞኝ ነህ ወይስ እኛን ሞኝ አደረግኸን?»

«ከጨዋታው በኋላ ልነግራችሁ ነበር።»

«ሴቶቹ ቀደሙህ።»

ንድሎቪኒ ቀድሞ መቺ ሆኖ ዱላ ያዘ። ሞንዋቢሲ አራት ነጥብ እንዳስቆጠረ የመታት ኳስ ሰማይ ወጥታ መሬት ሳትነካ ማቶሌዎች እጅ ገባች፤ ከጨዋታው ወጣ። ራሱን ዝቅ አድርጎ ሲመለስ ከተቀመጡት አንዱ፣ «ገና ሳይገባ ማዕዳቸውን ቀመሰ» አለ፣ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። ሞንዋቢሲ ሰማ፤ ዱላውን አስቀምጦ ዳር ተቀመጠ። ሲንዲሌም ሰማ። በመጨረሻ ቡድኑ መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ ይዞ ወጣ። ያስኬዳል፤ አያስተማምንም።

ማቶሌዎች ሊመቱ ሲገቡ ጋሽ ዝዌሊንዚማ ዱላቸውን እንደ ከዘራ ትከሻቸው ላይ ጥለው ብቅ አሉ። አምሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ ሆዳቸው ከዱላቸው ቀድሞ ይደርሳል። የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበርም እርሳቸው ናቸው፤ ደብዳቤውን የጻፉት በገዛ እጃቸው ነው።

«ዳይሬክተር!» አሉ በሳቅ። «ቀስ ብለህ ወርውርልኝ፤ የምትቀጠረው እኔ ዘንድ ነው!»

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የንድሎቪኒ ልጆች አልሳቁም።

ሽማግሌው ግን ለቀልድ አልመጡም። ኳሷን አንዴ ከበጎቹ በረት ኋላ፣ አንዴ ከጠላው ጋን አጠገብ ጣሏት። ሌሎቹ በየተራ እየወጡ እርሳቸው ቆሙ። ስድስት ኳስ ብቻ ሲቀር ማቶሌ ለማሸነፍ አሥር ነጥብ ፈለገ።

ሞንዋቢሲ ኳሷን ሱሪው ላይ እያሸ፣ መቺው ከሚጠብቃቸው ከሦስቱ እንጨቶች ኋላ በረኛ ሆኖ ወደቆመው ወደ ሲንዲሌ መጣ።

«አንተ ምረጥ። ማን ይወርውር?»

«አምበሉ አንተ ነህ።»

«እኔ ወርውሬ ከመቱኝ ሸጠን ትላላችሁ። ለሌላ ሰጥቼ ከመቱትም ሸሸ ትላላችሁ።»

ሲንዲሌ ደሙ ፈላ። «ብንልስ! አሥራ አንድ ዓመት ስትመራን ሰው ምን ይለኛል ብለህ ታውቃለህ? ከአንተ የተሻለ ወርዋሪ የለንም። በል ወርውር፣ ከዚያ ገደል ግባ!»

ሞንዋቢሲ ትንሽ አየው፤ ከዚያ ሳቀ። ከጧት ጀምሮ የመጀመሪያ ሳቁ ነበር።

ዝዌሊንዚማ የመቷት የመጀመሪያዋ ኳስ መሬት ለመሬት ተስባ ወሰኑን አለፈች። አራት ነጥብ። «ሸጠን!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ይሄኔ የሞንዋቢሲ እናት ማምቤሌ ነጠላ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው እስከ መስመሩ መጡ።

«ሸጠ ያልከው ማነህ? ወደዚህ ና እስቲ! አንተስ ልጄ፣ እጅህ ዝሏል እንዴ? ወርውር እንጂ!»

ሁለተኛዋ ምንም አላፈራችም። በሦስተኛዋ ሁለቱ መቺዎች ቦታ እየተለዋወጡ ሮጠው ሁለት ነጥብ አገኙ። አራተኛዋን ዝዌሊንዚማ ወደ ሰማይ ላኳት፤ ሉታንዶ የተባለው ረጅሙ ልጅ ወደ ኋላ እየሮጠ ሄደ፣ ዘለለ፣ በጣቱ ጫፍ ነክቶ ጣላት። ወሰኑን ግን አላሻገራትም፤ አንድ ነጥብ ብቻ። በአምስተኛዋም አንድ ሮጠው ዝዌሊንዚማ እንደገና ከሲንዲሌ ፊት ቆሙ። አንዲት ኳስ ቀረች፤ ሁለት ነጥብ ማቶሌን አሸናፊ ያደርጋል። ተመልካቹ እስከ መስመሩ ተጠጋ። በሬው እንኳ ቀና ብሎ አየ።

ሞንዋቢሲ ከሩቅ ሆኖ የግራ ጆሮውን ነካ። ሲንዲሌ ወደ እንጨቶቹ ጠጋ አለ። ከሁለቱ በቀር ማንም የማያውቀው ምልክት ነው፦ በሙሉ ኃይሌ እሮጣለሁ፣ ኳሷ ግን ቀስ ብላ ትመጣለች።

እንደ እብድ ተንደርድሮ መጣ። ዝዌሊንዚማ ሊገናኟት ከመስመራቸው ወጥተው ዱላቸውን በረጅሙ ወነጨፉ። ኳሷ ገና አልደረሰችም። ዱላው ነፋስ መታ፣ እርሳቸው ዞሩ፣ ኳሷ ሰተት ብላ ሲንዲሌ እጅ ገባች። ሽማግሌው ወደ መስመራቸው እንደ ግንድ ሲወድቁ ሲንዲሌ እንጨቶቹን በኳሷ በትኗቸው ነበር።

ዳኛው ጣቱን አነሳ፤ ሽማግሌው ከመስመራቸው ውጭ ተይዘው ወጡ፣ ንድሎቪኒም በአንድ ነጥብ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሲንዲሌ በቅጡ አያስታውስም። ጓደኞቹ ተከምረውበት ከሰው ሥር ነበር። «ሸጠን» ያለው ሰውዬ የሞንዋቢሲን አንገት አቅፎ ያለቅሳል። ማምቤሌ በጫማቸው እያጨበጨቡ ይዘፍናሉ።

ዝዌሊንዚማ አቧራቸውን እያራገፉ መጡ።

«ይቺን ተንኮል ነው ለልጆቻችን የምታስተምረው?»

«ከፈቀዱልኝ፣ ጋሼ።»

«ኳሷን አዝነህልኝ ብትለቃት ኖሮ ደብዳቤውን እኔው እቀድደው ነበር። ለወገኑ ያልታመነ ሰው ለእኔ ልጆች ይታመናል?» አሉና እስክሪብቶ አወጡ።

ሞንዋቢሲ ሲንዲሌን አየው። ሲንዲሌ አትሂድ ማለት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የሞንዋቢሲ ሦስት ልጆች በአንዲት ክፍል እንደሚያድሩ ያውቃል።

«ፈርም» አለው። «በሚኒባሴ ኮፈን ላይ ፈርም፤ እንዳትጭረው ብቻ።»

ፈረመ።

«በሚቀጥለው ገና መጀመሪያ የማወጣው አንተን ነው» አለ ሞንዋቢሲ።

«ጆሮህን ስትነካ እያየሁህ? በሕልምህ!»

በሬው ሚኒባስ ስለማይገባ ሁለት ሰዎች በእግራቸው ነድተው ወንዙን አሻገሩት። ሌሎቹ ተደራርበው፣ በመስኮት ግማሽ አካላቸውን አውጥተው እየዘፈኑ ተመለሱ። ሞንዋቢሲ ጋቢና ተቀምጦ ከሁሉ በላይ ይጮሃል። ሲንዲሌ መሪውን ይዞ አብሮ እየዘፈነ፣ ሳይታወቀው የመጪውን ዓመት አሰላለፍ ማውጣት ጀምሯል፦ ሉታንዶን ከወሰኑ አምጥቶ ወርዋሪ ቢያደርገውስ?

«ሲንዲሌ፣ ጉድጓድ!» አለ ሞንዋቢሲ።

መሪውን ጠመዘዘ፤ ዘፈኑ ግን አልተቋረጠም።