መቶው ቀን ሳይሞላ

«ወይ መቶው ቀን ሳይሞላ ተጋቡ፣ ወይ ሦስት ዓመት ጠብቁ» አለች አክስትየዋ፣ ወርቃማውን ወረቀት ወደ መሐል እየገፋች። «የአባት ሐዘን ወጉ ይሄው ነው። ምን ትያለሽ፣ ጅያሮንግ?»

ጅያሮንግ አንድ ወረቀት አንሥታ ማጠፏን ቀጠለች። ለሟቹ አባቷ ለሹዌይሙ የሚቃጠል የወረቀት አበባ ሲያጥፉ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው ነው። እጮኛዋ ቦሃን አንዱን አበባ ደግሞ ቀደደና አቀረቀረ። አክስትየዋ እንግዳ ልትቀበል ስትወጣ እሱም ወንበር ሊያወጣ ተከተላት።

«እማዬ፣ አላገባውም መሰለኝ።»

የእናቷ የዩዌሽያ እጅ ማጠፉን አልተወም። «ምን አደረገሽ?»

«ምንም! ከጠዋት ጀምሬ ሳለቅስ ‹እህል ቀመስሽ ወይ?› እንኳ አላለኝም። አባዬ ሳትናገሪ ያውቅልሽ ነበር። እኔ እንደ አባዬ ያለ ነው የምፈልገው።»

ዩዌሽያ ሳቅ አመለጣት፤ ነገሩ ሐዘን ቤት ነውና አፏን በእጇ ከደነች።

ከዚያ የራሷን ታሪክ አጫወተቻት። ሹዌይሙን ስታገባ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ባል ማለት ቀኑን ሙሉ የሚያጫውት ይመስላት ነበር። ሹዌይሙ ግን ባሕር ላይ ካለው የዛጎል እርባታው ይመለሳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ በቃ። በአራተኛው ወር ልብሷን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። በሦስተኛው ቀን መጥቶ ደጅ ቆመ። ይቅርታ ሊል ነው ብላ ጆሮዋን ስታቆም፣ «የሩዙን ማሰሮ የት ነው ያስቀመጥሽው?» አላት።

«ኧረ ባክሽ! ታዲያ ለምን ተመለስሽ?» አለች ጅያሮንግ።

«ሦስት ቀን ጾሙን እንደከረመ ገባኛ! እኔስ ብሆን መች ነገርኩት? ይወቀው ብዬ አኮረፍኩ እንጂ። መንገድ ላይ ‹ስትገባ አጫውተኝ› አልኩት። ከዚያ ወዲያ ስለ ነፋስ ያወራልኝ ጀመር። የመጀመሪያውን ዘጠኝ ዓመት፣ ስለ ነፋስ ብቻ!»

ሁለቱም ሳቁ።

«አንቺ የደረስሽው አባትሽ በስሎ ነው፤ እኔ ያገባሁት ጥሬውን ነው። አግቢው አልልሽም፣ ልጄ። ግን ባልነገርሽው ነገር አትፍረጅበት።»

ቦሃን ተመልሶ የት እንደሚቀመጥ ጨንቆት በሩ ላይ ቆመ። ጅያሮንግ ጥቂት አየችው።

«ቦሃን፣ እርቦኛል።»

«ምን ላምጣልሽ?» አለ፤ እግሩ ቀድሞ ተነሥቷል።

«ቆይ፣ መጀመሪያ አጠገቤ ተቀመጥ። ስለ መቶው ቀን እንነጋገር።»

ዩዌሽያ ቦታዋን ለቀቀችላቸው። የሟች የራት ማዕድ የሚቀርብበት ሰዓት ደርሷል። ሩዙን፣ አትክልቱን፣ ሾርባውን ከሹዌይሙ ፎቶግራፍ ፊት ደረደረች። ሾርባው ገና ይጨሳል። ጎንበስ ብላ እፍ፣ እፍ አለችበትና ወደ እሱ ጠጋ አደረገችው።