የሃኑስ ልቃቂት

«አልጋው ሥርም የለም?» አሉ እትዬ ሱንቫ፣ ከሬሳ ሣጥኑ ራስጌ ሳይነሱ።

«የለም አልኩዎት እኮ።» ማርዩን የሟቿን አማቷን የራኩልን ዘንቢል ወለሉ ላይ ገለበጠችው።

«ታዲያ ራኩል ባዶ እጇን ልትሄድ ነው?»

በዚያ የፋሮ ደሴት መንደር ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ስትሞት፣ ከሟቹ ሹራብ የተረፈው ልቃቂት መዳፏ ላይ ተደርጎ አብሯት ይቀበራል። በዚያ ክር የተሠራ ልብስ ሌላ ሰው አይለብስም። ለብሶት የወጣውን ባሕሩ ይፈልገዋል ይላሉ። ራኩልም የባላቸውን የሃኑስን ጥቁር ልቃቂት ለዚሁ ቀን ሲያስቀምጡ ኖረዋል።

ከወዲያኛው ክፍል የለቀስተኛ ሹክሹክታ ይሰማል።

«ልጇ አልደረሰም?»

«ትሮንዱር? ገና ባሕር ላይ ነው። በዚህ ነፋስ።»

«ዝም በይ፣ ሚስቱ ትሰማለች።»

ሚስቱ ማርዩን ሰምታለች።

ከዘንቢሉ የወደቀው ሁሉ ከትርፍራፊ ክር የተሠራ የሙከራ ቁራጭ ነው። አንዱ እንደ ገመድ የተጎነጎነ፣ አንዱ እንደ ጥሬ የሻከረ፣ አንዱ ጉብ ጉብ ያለ።

አምና ክረምት የራኩል ዓይን ጠፋ። መርፌውን ግን አልተዉም። «ለስላሳውን ዓይን ይሥራው፤ ጎርባጣውን እጄ ያየዋል» ይሉ ነበር።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ብጉር ይመስላል» አለቻቸው ማርዩን አንድ ቀን።

«ያንቺን ፊት አስታውሼ ነው የሠራሁት።»

ሁለቱም ሳቁ። ክር አቀብዪኝ ብለው ግን አያውቁም። ራሳቸው እየዳበሱ ያወጣሉ። በዚያው ክረምት ለልጃቸው ደረቱ ጉብ ጉብ ያለ ሹራብ ሠሩለት።

ማርዩን ጉብ ጉብ ያለውን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ወሰደችው። መደቡ ግራጫ ነው። ጉብታዎቹ ጥቁር ናቸው።

እትዬ ሱንቫ ዳሰስ አድርገውት እጃቸውን ሰበሰቡ። «የሃኑስ ነው። ከእኛ ጥቁር በግ ራሴ የፈተልኩት። ቀሪውን ምን ላይ አዋለችው?»

ማርዩን ሳትመልስላቸው ስልኩ ጮኸ። አነሳችው።

«የት ደረስክ?»

«ሞተሩ ትንሽ አስቸግሮናል» አለ ትሮንዱር። ድምፁን ነፋስ ይቆራርጠዋል። «አታስቢ። የእማዬን ሹራብ ለብሻለሁ። ጉብታዎቹን እየነካካሁ ነው የምመጣው።»

«አውልቀው።»

«ምን?»

እናትህ ተሳስታ በአባትህ ክር ሠራችው ልትለው አፏ ድረስ መጣ። ሴትዮዋ ገና አልተቀበሩም።

«ይቆሽሽብሃል። ለቀብሩ ትለብሰዋለህ።»

«አንቺ ደግሞ፣ በዚህ ብርድ ራቁቴን ልሁን?» ሳቀ። «ከእሷ የቀረኝ እኮ ይሄው…»

ተቋረጠ። ደጋግማ ደወለች። አይመልስም።

ወደ ሬሳው ስትመለስ ክዳኑን ይዘው የቆሙ ሁለት ጎረቤቶች ይጠብቋታል።

«ይቺን ቁራጭ እናድርግላት?» አሉ እትዬ ሱንቫ ቀስ ብለው።

«ቀሪው እሱ ላይ እያለ?»

ማርዩን ጎንበስ ብላ ሁለት ጣቶቿን በአማቷ ባዶ መዳፍ ውስጥ አስገባች። የሞቱትን ጣቶች አንድ በአንድ እያጠፈች በራሷ ጣቶች ላይ ከደነቻቸው።

«እጅሽን አውጪ፣ አንቺ ልጅ። ክዳኑ ሊገጠም ነው።»

«ባዶ እጃቸውንማ አይሄዱም» አለች። አላወጣችም።